ከሥራ የተባረራችሁ ቀን፦ ለጎጃም ሠራተኞች የመብት መመሪያ

"ነገ እንዳትመጣ" የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ነገር ነው። ሕግ ትዝ አይለውም። ያቺ ቀን ግን መጻፍ አለባት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደተናገረና ማን እንደሰማ እዚያው ምሽት ደብተር ላይ አስፍሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጊዜ ይቆጠርባችኋልና።

ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር አላችሁ። ሥራው በመቋረጡ ምክንያት ለሚመጣ ክፍያም እንዲሁ 6 ወር ነው። ይህ ካለፈ በኋላ ብትከሱ አሠሪው "በይርጋ ታግዷል"፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ብሎ ይቃወማል፣ እውነቱ በእናንተ እጅ ቢሆንም መዝገቡ ይዘጋል።

እኔ እንደማየው በእኛ አካባቢ ሠራተኛ የሚሸነፈው ሕጉ ስለማይደግፈው አይደለም። ወይ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይ ወረቀት የለውም፣ ወይ ደግሞ ያልገባው ወረቀት ላይ ፈርሟል። ስለዚህ ብዙ የምጽፈው ስለነዚህ ሦስቱ ነው።

ሽማግሌውም ይሂድ፣ ክሱም ይግባ

እኛ ጋ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታሰበው ፍርድ ቤት አይደለም። ሽማግሌ ይላካል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል። አሠሪው የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከአባታችሁ ጋር ጽዋ የሚጠጣ ሰው። እሱን መክሰስ ነውር ይመስላል። ይገባኛል።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። አንድ ልጅ ጥቅምት 10 ተባረረ እንበል። ሁለት ሳምንት ተናዶ ቤቱ ተቀመጠ። ከዚያ አጎቱና አንድ ቄስ ሄደው አሠሪውን አነጋገሩ። አሠሪው በክብር ተቀበላቸው፣ "እናንተን አላሳፍርም፣ አሁን ምርት መሰብሰቢያ ነው፣ ገና ይለፍና እናየዋለን" አላቸው። ገና አለፈ። "ከጥምቀት በኋላ" ተባለ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። የልጁ 3 ወር ጥር 10 ላይ አልቋል። አሠሪው ተንኮለኛ ላይሆን ይችላል፣ ከልቡም ቀጠሮ ሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብሎ የመጠየቅ መብቱ አመለጠው።

ሽምግልናውን ተዉ እያልኩ አይደለም። ብዙ ጉዳይ በሽማግሌ ያልቃል፣ ቂምም አያስቀርም። የሽማግሌ ቀጠሮ ግን ይርጋን አያቋርጥም። ይርጋን የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት፣ ሕጉን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው መብታችሁን በጽሑፍ ማመኑ ነው። በቃል "እከፍላለሁ" ማለቱ አይበቃም። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀምጠው ሳሉ "ይህን ያህል ገንዘብ አለብኝ፣ በዚህ ቀን እከፍላለሁ" የሚል አጭር ወረቀት ጽፎ እንዲፈርም ይጠይቁት። ያለማፈር ይጠይቁት። የሚከፍል ሰው መፈረም አይከብደውም።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ግን ክሱን አስገቡ። ከዚያ በኋላ ብትታረቁ የስምምነቱን ወረቀት ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ መዝገቡን ማዘጋት ትችላላችሁ። ለአሠሪውም አስቀድማችሁ ንገሩት፦ "ጋሼ፣ ጠብ ፈልጌ ሳይሆን ጊዜው እንዳያልፍብኝ ነው ያስገባሁት" በሉት። አብዛኛው ሰው ይህን ይረዳል።

ሕጉ እናንተን ይመለከታል?

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ግንባታ፣ የእርሻ ድርጅት፣ ንግድ ቤት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ወታደርና ዳኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ከማንም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ነበሩ።

"የሥራ መሪ" የሚባለውም ከአዋጁ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ አሠሪ ሱፐርቫይዘር ወይም አስተባባሪ የሚል ስም ሰጥቶ "አንተ የሥራ መሪ ነህ፣ ይህ ሕግ አያገባህም" ይላል። ዋናው ስሙ አይደለም። የመቅጠርና የማባረር፣ የድርጅቱን አካሄድ የመወሰን ሥልጣን በእርግጥ አላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። ፈረቃ የምትመድቡ ብቻ ከሆነ ሥራ መሪ ተብላችሁ መብታችሁን አትተዉ።

"ኮንትራት አልፈረምኩም" የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ምንም ችግር የለውም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች ጽፎና ፈርሞ ሊሰጣችሁ ይገባል፣ ባይሰጣችሁም መብታችሁ አይቀነስም። የሚቸግረው ማስረዳቱ ነው። ስለዚህ ደመወዝ የገባበት የባንክ መልእክት፣ መታወቂያ ወይም ባጅ፣ ፔሮል ላይ የፈረማችሁበት ፎቶ፣ አለቃችሁ በቴሌግራም የላከው ትእዛዝ፣ የዩኒፎርም መረከቢያ፣ አንዱም አይናቅ። ሥራ ላይ ሳላችሁ ሰብስቡት። ከተባረራችሁ በኋላ ግቢው በር ላይ ጥበቃው አያስገባችሁም።

ሌላው የኮንትራት ጉዳይ "የ10 ወር ውል" የሚባለው ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህራን በደንብ ያውቁታል፤ መስከረም ላይ ይፈርማሉ፣ ሰኔ ላይ ያበቃል፣ ክረምቱን ያለ ደመወዝ ያሳልፋሉ፣ መስከረም ላይ እንደገና ይፈርማሉ። ሕጉ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚገምተው። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሥራ፣ በሌለ ሰው ምትክ ለመሥራት፣ ወይም ወቅታዊ ለሆነ ሥራ። ሥራው ዓመት ከዓመት የሚቀጥል ከሆነ ወረቀቱ ላይ ቀን መጻፉ ብቻውን ጊዜያዊ አያደርጋችሁም። ይህን በፍርድ ቤት መከራከር ይቻላል። የቀን ሠራተኛ ተብላችሁ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት የሠራችሁም እንደዚሁ።

ሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በሚፈራረሙት ውል) ሲሆን እስከ 90 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በጽሑፍ መደረግ አለበት። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። ካለፈ በኋላ ግን "ገና ሙከራ ላይ ነህ" ማለት አይቻልም።

በቃል ተባራችሁ? ማግስቱን ሂዱ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። አለቃው ተናዶ "ውጣ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ" ይላል። ወረቀት አይሰጥም። ሠራተኛው ይወጣል። ክስ ሲቀርብ አሠሪው "እኔ አላባረርኩትም፣ ራሱ ነው የቀረው" ብሎ ይመልሳል። አሁን መባረራችሁን የማስረዳት ሸክም በእናንተ ላይ ወደቀ። ካላስረዳችሁ ደግሞ ነገሩ ሥራ ጥሎ እንደ መሄድ ይታያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በማግስቱ በሥራ ሰዓታችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት። በሩ ላይ ከከለከሏችሁ ምስክሮቹ ያዩታል። ከዚያ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ፦ "በዚህ ቀን በእገሌ በቃል ከሥራ እንድወጣ ተነግሮኛል። በማግስቱ ሥራ ገበታዬ ላይ ብገኝም እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ሥራዬን ለመቀጠል ዝግጁ ስለሆንኩ እንድገባ ይፈቀድልኝ፤ ከተሰናበትኩም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ።" ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። ወጪው ትንሽ ነው። "ራሱ ነው የቀረው" የሚለውን መልስ ግን ይህን ያህል የሚያፈርስ ማስረጃ የለም።

"ፈርምና ገንዘብህን ውሰድ"

ሌላው ወጥመድ የመጨረሻ ክፍያ ቀን ይመጣል። ፋይናንስ ክፍል ትጠራላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ አለ፣ አጠገቡ የተተየበ ወረቀት አለ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ "በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም።" ገንዘብ ያዡ "ፎርማሊቲ ነው" ይላችኋል።

ፎርማሊቲ አይደለም። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። የሕገወጥ ስንብት ካሳ ደግሞ አያገኝም፣ ማንም አላሰናበተውምና። ያቺ አንዲት መስመር ያላችሁን ሁሉ ትወስዳለች።

ምን ታደርጋላችሁ? እስከ መጨረሻው አንብቡት። ገንዘቡ ስለሚያስፈልጋችሁ የግድ መፈረም ካለባችሁ በራሳችሁ እጅ ጽሑፍ ከፊርማችሁ በላይ "የዚህን ወር ደመወዝ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ በራሴ ፈቃድ አልለቀቅኩም፤ ቀሪ መብቴን እጠይቃለሁ" ብላችሁ ጨምሩ፣ ቀኑንም ጻፉ። እንዲህ ብላችሁ መፈረም ካልተፈቀደላችሁ ሳትፈርሙ ውጡ። አሠሪው ክርክር የሌለበትን ክፍያ ሊይዝባችሁ መብት የለውም፤ የክፍያው መጠን ላይ ባትስማሙ እንኳ እሱ ራሱ ያመነውን ያህል በጊዜው መክፈል አለበት። ጊዜው ደግሞ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ 7 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዘው ይችላል። እናንተም የድርጅቱን ንብረት ቶሎ መልሱ፣ ክሊራንሱ (ንብረት መመለሳችሁን የሚያረጋግጠው ወረቀት) በእናንተ ምክንያት ከዘገየ ክፍያውም ይዘገያል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲሰጣችሁም ተመሳሳይ ነው። አልቀበልም ማለት ብዙም አይጠቅምም። "ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም" ብላችሁ ፈርሙና መልሳችሁን በጽሑፍ አስገቡ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፣ ምን ሥራ እንደሠራችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜና በስንት ደመወዝ እንደሆነ ይገልጻል። ተጣላን ተብሎ የሚያዝ ነገር አይደለም።

የማባረሩ ምክንያት ልክ ነው?

አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትባቸው ጥፋቶች በሕጉ ተዘርዝረዋል፦ ማጭበርበር፣ የድርጅቱን ንብረት መውሰድ፣ ሥራ ቦታ ላይ መደባደብ፣ በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስና የመሳሰሉት። ማርፈድ እንኳ ዝም ብሎ አያስባርርም። በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ መሆን አለበት። መቅረትም በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን፣ እሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እያለ ነው። "አንድ ቀን ቀርተሃል" ተብሎ የተባረረ ሰው ጠንካራ ጉዳይ አለው።

አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም። ሲያሰናብትም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። የማኅበር አባል በመሆን፣ አቤቱታ በማቅረብ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በእርግዝና ምክንያት ማሰናበት ጨርሶ ሕገወጥ ነው።

ማስጠንቀቂያ (ስንብቱን አስቀድሞ ማሳወቂያ ጊዜ) በሚያስፈልግበት ስንብት ደግሞ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። እናንተ ራሳችሁ ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ሳትሰጡ ጥላችሁ ብትሄዱ አሠሪው ካሳ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ስለዚህ የተሻለ ሥራ ስታገኙ በደስታ ብቻ አትሩጡ።

መንገድ በመዘጋቱ ስለቀሩ ሰዎችም ልናገር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእኛ አካባቢ ይህ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። ከደጀን ወይም ከደምበጫ ወደ ሥራ መመለስ ካቃታችሁ ዝም አትበሉ። ኔትወርክ ባገኛችሁበት ሰዓት መልእክት ላኩ፣ በሰው በኩልም አስነግሩ፣ ስትመለሱ ደግሞ ከቀበሌ ወይም ከመናኸሪያ ማስረጃ ጠይቁ። ድርጅቱ ራሱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሥራ ካቆመ የሥራ ውሉን ማገድ ይችላል። ይህን ግን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ እገዳውም ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። ዝም ብሎ "ቤታችሁ ቆዩ፣ እንጠራችኋለን" ማለት እገዳ አይደለም። መብራት ጠፋ ወይም ጥሬ ዕቃ አለቀ ብሎ የዕለት ደመወዝ መቁረጥም አይቻልም፤ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተገኝቶ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ካልሠራ ደመወዙ ይከፈለዋል።

ገንዘቡ ስንት ነው?

ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉ። የወር ደመወዟ 6,000 ብር የሆነ፣ 4 ዓመት የሠራች የሆቴል ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ተባረረች እንበል። የቀን ደመወዟን 200 ብር አድርገን እንያዝ።

የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ 6,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፣ 2,000 ብር ማለት ነው። ለሦስቱ ዓመት 6,000። ድምሩ 12,000 ብር ይሆናል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ስንብቱ ሕገወጥ ሆኖ ወደ ሥራ ካልተመለሰች የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ አለ፣ 36,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜው የ2 ወር ደመወዝ ደግሞ 12,000። ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ጠረጴዛ ላይ የአንድ ወር ደመወዝ አስቀምጠው "ፈርሚ" የሚሏት ይህን ሁሉ ትታ እንድትሄድ ነው። ወደ ሥራ እንድትመለስ ከተፈረደላት ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ ደግሞ እስከ 1 ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ልታገኝ ትችላለች።

ዕድሜው ደርሶ ጡረታ ለሚወጣና የጡረታ አበል ለሚያገኝ ሰው የስንብት ክፍያ አይከፈልም። ስለ ጡረታ ካነሳን፣ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ፔሮል ላይ መቆረጡ ብቻውን አያስተማምንም፣ ገቢ መደረጉን ጠይቁ።

ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቅጣት

መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን የሚያድር ጥበቃ 72 ሰዓት ሠራ ማለት ነው። 24ቱ ትርፍ ነው፣ ሕጉ ደግሞ ትርፍ ሰዓትን በሳምንት ከ12 በላይ አይፈቅድም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ የሰዓት ደመወዛችሁ 30 ብር ከሆነ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 45 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ 52.50 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት ተባዝቶ 60 ብር፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ተባዝቶ 75 ብር። ጥምቀት ዕለት ሲሯሯጡ የሚውሉ አስተናጋጆች ይህን ማወቅ አለባቸው። የሠራችሁትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ፣ "ዛሬ እደሩ" ያላችሁን መልእክትም አታጥፉ፤ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው አሠሪው ያዘዘው ሲሆን ነውና። 6 ወር ሲሞላ ደግሞ የድሮው እየወደቀ እንደሚሄድ አትርሱ።

ብርጭቆ ሰበርሽ፣ ሒሳብ ጎደለብህ ተብሎ ደመወዝ መቁረጥ ዝም ብሎ አይቻልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

ፈቃድ፣ ወሊድ፣ ጉዳት

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሲታመሙ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀት የግድ ነው፣ መታመማችሁንም በማግስቱ አሳውቁ። ጠበል ገብታችሁ ከሆነም ቢያንስ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ታዩና ወረቀቱን ያዙ። አለዚያ እንደ መቅረት ነው የሚቆጠርባችሁ።

ለወለደች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አላት። የሴት ልጇ ክርስትና በ80 ቀን ነው፣ ያንን አድርሳ እንኳ ቀን ይተርፋታል። "በ40 ቀንሽ ነይ" የሚላት አሠሪ መብት የለውም። በእርግዝናዋና ከወለደች በኋላ ባሉት 4 ወራት ውስጥ የሥራ ውሏን ማቋረጥም ክልክል ነው። አባትም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል።

አለቃ ወሲባዊ ትንኮሳ ቢያደርስ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ስንብትና ካሳ መጠየቅ ትችላለች። ይህን መብት መጠቀሚያው ጊዜ ግን አጭር ነው፣ 15 የሥራ ቀን። እህቶቼ፣ የላካቸውን መልእክቶች አታጥፉ፣ ለምታምኗት አንዲት ባልደረባም በዚያው ቀን ንገሯት።

በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ሠራተኛው እስኪድን ድረስ ለመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀጣዩ 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ወይም ሰክሮ የተሠራ ሥራ አይሸፈንም። ሆስፒታል ስትገቡ ካርዱ ላይ "በሥራ ላይ የደረሰ" ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ። አንዳንዴ ያደረሳችሁ ሰው "ቤት ነው የወደቀው" ብሎ ሊያስመዘግብ ይችላል፣ ቤተሰብ ካርዱን ይመልከት።

ወዴት መሄድ?

መጀመሪያ የወረዳው ወይም የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አሠሪውን ጠርቶ ሊያነጋግር ይችላል፣ አንዳንዴ አንድ የስልክ ጥሪ ደመወዙን ያስለቅቃል። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውንም ያዙ። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ ጉዳያችሁን እሱም ይያዘው።

ካልሆነ የወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ብዙ ሰው "ፍርድ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል" ብሎ ነው የሚቀረው፣ ይህን ለጎረቤታችሁም ንገሩ። ጠበቃ የግድ አይደለም። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ማመልከቻም ይጽፉላችኋል። ደጃፍ ላይ ያለ ማመልከቻ ጻፊ ጋ ከሄዳችሁ ጽፎ ሲጨርስ አስነብቡት። የተቀጠራችሁበት ቀን፣ ደመወዛችሁ፣ የተባረራችሁበት ቀንና የምትጠይቁት ክፍያ አንድ በአንድ ከነብር መጠኑ መኖሩን አረጋግጡ። ያልጠየቃችሁትን ዳኛው አይፈርድላችሁም። ወደ ሥራ መመለስ ነው ወይስ ካሳ የምትፈልጉት? ሁለቱንም በአማራጭ ማስቀመጥ ይሻላል። ምስክሮቻችሁንም ከነአድራሻቸው ዘርዝሩ፤ አሁንም እዚያው የሚሠራ ባልደረባ ሊፈራ ስለሚችል ሥራውን የለቀቀ ሰው ካለ እሱን አስቀድሙ።

ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ቀጠሮው ሲራዘም ይህን በትሕትና ለዳኛው ማስታወስ ነውር የለውም። ውሳኔው ካልተስማማችሁ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ የውሳኔውን ግልባጭ ስለሚያስፈልግ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ተፈርዶላችሁ አሠሪው ካልከፈለ ደግሞ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታላችሁ። የድርጅቱ ሒሳብ የትኛው ባንክ እንዳለ፣ መኪናው በማን ስም እንደሆነ የምታውቁትን ሁሉ ማመልከቻው ላይ ጻፉት፣ ፍርድ ቤቱ የሚያግደው የተጠቆመለትን ንብረት ነው።